ትሰሚኛለሽ? የኢንተርኔት ጥሪ እስከ አወቱ ዳር

የአገራችን የስልክ ታሪክ ከሐረር ይነሣል። ራስ መኮንን ከኢጣሊያ ይዘው የመጡት ስልክ እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ በምኒልክ ቤተ መንግሥትና በግምጃ ቤቱ መካከል ተተከለ። ቀጥሎ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሽቦ ተዘረጋ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ዕድሜውን የሚቆጥረው ከዚያ ዘመን፣ ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ያን ጊዜ ጅማ የንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ነበረች። ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያው ታች ሂርማታ። ቡናው፣ ማሩና ዝባዱ በበቅሎ ተጭኖ ይወጣል፤ ወሬውም በዚያው በበቅሎ እግር ይመለሳል።

ሽቦው ወደ አስተዳደር ከተሞቹ ሲዘልቅ ጅማንም አገኛት። ከጣሊያን ወረራ በኋላ መስመሩን መልሶ ለማቆም የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1951 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዓመቱ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። እንዲያም ሆኖ ስልክ በየቤቱ የሚገባ ዕቃ አልነበረም። በአንድ ሰፈር አንድ ሱቅ ወይም አንድ ቢሮ ስልክ ይኖረዋል። ከሩቅ የሚደውል ለዚያ ይደውላል፤ ባለሱቁ ልጅ ይልካል፤ «ስልክ መጥቶልሻል!» ይባላል፤ እናት ነጠላቸውን እያጣፉ ይሮጣሉ። ከሰፈር ወደ ውጭ መደወል አያስቸግርም፤ ገብቶ መክፈል ብቻ ነው። ከውጭ ለሚደውል ግን አንዱ ቁጥር የብዙ ቤት ነውና፣ ባለሱቁ ማን ቤት ልጅ እንደሚልክ ካላወቀ ጥሪው እዚያው ደጃፉ ላይ ይቀራል። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ኢንተርኔት ላይ ኋላ የተፈጠረው ችግር በቁሙ ይኸው ነው።

ኢንተርኔትን የቀረጹት ሰዎች ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ አድራሻ ይበቃል ብለው 4.3 ቢሊዮን ያህል ቁጥር አስቀምጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቁጥሩ እንደማይበቃ ግልጽ ሆነ። በግንቦት 1994 እ.ኤ.አ. ኬልድ ኤገቫንግና ፖል ፍራንሲስ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች አርኤፍሲ 1631 የተባለውን ሰነድ አወጡ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ የውስጥ ቁጥር ይኑራቸው፤ በሩ ላይ ያለው መሣሪያ ወደ ውጭ የሚወጣውን ሁሉ በጥቂት የጋራ ቁጥሮች እየቀየረ ያስወጣ፤ መልስ ሲመጣ የማን እንደሆነ ከመዝገቡ አይቶ ያስገባ። ባለሙያዎቹ «ናት» የሚሉት አድራሻ ቅየራ ይህ ነው። በየካቲት 1996 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰነድ ደግሞ በ10፣ ከ172.16 እስከ 172.31 እና በ192.168 የሚጀምሩት ቁጥሮች ለውስጥ አገልግሎት ብቻ እንዲሆኑ አጸና። ዛሬ ጅማ፣ ጎንደርም ሆነ ቶኪዮ የቤት ራውተር ብትከፍቱ ያው 192.168 ነው የሚጠብቃችሁ።

ሁለቱ ሰዎች ነገሩን ጊዜያዊ መፍትሔ ብለው ነበር ያቀረቡት። ከዚያም በላይ፣ በመልእክቱ ሆድ ውስጥ የራሱን አድራሻ ጽፎ የሚልክ ፕሮግራም ሁሉ በዚህ በር ሲያልፍ እንደሚበላሽ እዚያው ሰነድ ላይ አስጠንቅቀዋል። ለእኔ የዚህ ታሪክ ክብደት እዚህ ላይ ነው። ችግሩ ድንገት የመጣ አልነበረም፤ ከመጀመሪያው ቀን ታውቆ፣ ተጽፎ፣ ለሚመጣው ሰው ተላልፎ የተሰጠ ዕዳ ነበር። ዕዳውን ደግሞ በብዛት የከፈሉት አድራሻ ሲታደል ቀድመው ያልተሰለፉ አገሮች ናቸው።

የራሱን አድራሻ ጽፎ የሚልከው ማን ነው ቢባል፣ ከሁሉ በፊት ስልክ ነው። ቮካልቴክ የተባለ የእስራኤል ኩባንያ በየካቲት 1995 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት የሚያነጋግር ፕሮግራም ለገበያ አወጣ። በጥር 1996 እ.ኤ.አ. ድምፅን በትናንሽ ፓኬት ቆራርጦ የሚያጓጉዘው አርቲፒ ደንብ ተጻፈ። በመጋቢት 1999 እ.ኤ.አ. ጥሪ የሚከፍተውና የሚዘጋው ሲፕ ተከተለ። ከሲፕ ጋር የተዋወቀ ሰው ሁሉ 5060 የተባለችውን የፖርት ቁጥር፣ በአንድ አድራሻ ላይ ጥሪው የሚገባባትን መለያ፣ አይረሳም።

በእነዚህ ዓመታት መካከል ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ገባች። ጥር 1989 ዓ.ም. ነው። የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ ብቸኛ አቅራቢ ስለነበር የአገሩ አድራሻ ሁሉ በእርሱ እጅ ነበር። ታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ ከተማዋ ኮምፒውተር የሚያውቅ ወጣት በየዓመቱ ትቀበል ጀመር። ኢንተርኔት ቤቶችም ተከፈቱ። አንድ መስመር፣ አንድ የአደባባይ አድራሻ፣ ከኋላው ስድስት ሰባት ኮምፒውተር። ዊንዶውስ 98 ሁለተኛው እትም አንዱ ኮምፒውተር መስመሩን ለሌሎቹ እንዲያካፍል የሚያደርግ ነገር ይዞ መጥቶ ስለነበር፣ አድራሻ ቅየራ ስሙ ሳይታወቅ አገር ምድሩን አዳረሰ።

አወቱ ከተማዋን አቋርጦ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ አወቱ መንደራ በስሙ የተጠራ ቀበሌ። ከዚህ አካባቢ፣ ከአጋሮ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ፣ ከሊሙ ብዙ ወጣት፣ ይልቁንም ሴቶች፣ ወደ ሳዑዲና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ይሄዳሉ። ሌላው አሜሪካና አውሮፓ አለ። በመደበኛው ስልክ ወደ ኢትዮጵያ መደወል በዚያ ዘመን ውድ ስለነበር፣ ሰው የስልክ ካርድ እየፋቀ ደቂቃ ቆጥሮ ነበር የሚያወራው። ኔት ቱ ፎንን የመሰሉ ፕሮግራሞች ሲመጡ ከኢንተርኔት ቤት በርካሽ መነጋገር ተቻለ። መንግሥት ግን ከውጭ ጥሪ የሚገባውን የውጭ ምንዛሪ አስቦ በአዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም መጠቀምንም ከለከለ። ክልከላው ልማዱን አላጠፋውም፤ ወደ ጓዳ አስገባው እንጂ። በጓዳ የሚሠራ ነገር ደግሞ ሲበላሽ ማንን ትጠይቃለህ? የጥሪ መሣሪያን በአድራሻ ቅየራ በኩል ማሳለፍ የሚባለው ሙያ በአገራችን በግላጭ ሳይነገር፣ ኮርስ ሳይሰጥበት፣ ከልጅ ወደ ልጅ እየተሾከሾከ ያደገው ለዚህ ነው።

ብልሽቱ እንዴት ያለ እንደነበር የሚያስታውስ ብዙ ሰው አለ። እናት ጅማ፣ ልጅ ውጭ አገር። ጥሪው ይጠራል፤ ይነሣል። ከዚያ፦

«ሃሎ? ልጄ? ሃሎ?»

«እማዬ! እኔ እሰማሻለሁ! አንቺ ትሰሚኛለሽ?»

«ሃሎ? ኧረ ድምፅ የለውም ይሄ ነገር… ሃሎ?»

«እማ፣ አለሁ! እየሰማሁሽ ነው!»

እናት ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ዞረው፦ «ልጄ አትሰማኝም። ዝጋው በቃ።»

ልጅ እናቷን እየሰማች፣ እናት ግን ዝምታ እያዳመጡ የሚያልቅ ጥሪ። ይህ የመስመር መቆራረጥ አይደለም፤ ምክንያቱ ቁርጥ ያለ ነው። ጅማ ያለው ኮምፒውተር ጥሪውን ሲያነሣ «ድምፁን በዚህ አድራሻ ላኩልኝ» ብሎ የሚያውቀውን ብቸኛ አድራሻ፣ 192.168 ብሎ የሚጀምረውን፣ በመልእክቱ ውስጥ ይጽፋል። በሩ ላይ ያለው መሣሪያ የፓኬቱን ላኪ ቁጥር ይቀይራል እንጂ የውስጡን ጽሑፍ አያነብም። ውጭ ያለው ስልክ የተነገረውን አምኖ የልጂቱን ድምፅ ወደ 192.168 ይልካል፤ ያ አድራሻ በአደባባይ ስለሌለ ድምፁ እዚያው ወጥቶ ይቀራል። የእናት ድምፅ ግን የሚሄደው ወደ እውነተኛ አድራሻ ነውና ሳይደናቀፍ ይደርሳል። ሁለቱም ወገን ከአድራሻ ቅየራ ኋላ ከሆነ ደግሞ ማንም ማንን አይሰማም።

በመጋቢት 2003 እ.ኤ.አ. ጆናታን ሮዘንበርግና ሦስት ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን መላ በደንብ መልክ አወጡ፤ ስሙ ስተን ነው። ስልኩ ከመደወሉ በፊት አደባባይ ላይ ለቆመ ሰርቨር «እኔን ከየትኛው አድራሻ ታየኛለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ያየውን የውጭ ቁጥርና ፖርት ይመልስለታል። ስልኩ ከዚያ ወዲያ በመልእክቱ ውስጥ የሚጽፈው ይህንኑ ነው። ለብዙ የቤትና የኢንተርኔት ቤት ራውተር ይህ በቂ ሆነ። አንድ ዓይነት በር ግን አልተከፈተም፤ ለእያንዳንዱ መድረሻ የተለያየ ፖርት የሚመድብ ራውተር። እንዲህ ያለው ለስተን ሰርቨሩ የሰጠው ቁጥር ለሌላው ሰው አይሠራም። ታላላቅ መሥሪያ ቤቶችና የሞባይል ኩባንያዎች የሚያዘወትሩት ደግሞ ይህንኑ ነው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ስካይፕ ወጣ። ፕሮግራሙን የጻፉት የኤስቶኒያ ልጆች ደንብ አልጠበቁም፤ የራሳቸውን መንገድ ሠሩ። ስካይፕ በቀጥታ መገናኘት ሲያቅተው የአደባባይ አድራሻ ያለውን የሌላ ሰው ኮምፒውተር ፈልጎ ጥሪውን በእርሱ በኩል ያሻግር ነበር። ባለቤቱ አያውቅም፤ የማያውቃቸው ሁለት ሰዎች ድምፅ በመስመሩ ያልፋል። የአደባባይ አድራሻ የተትረፈረፈው በአሜሪካና በአውሮፓ ስለነበር፣ ከጅማ ኢንተርኔት ቤት የሚነሣ ድምፅ የሌላ አገር ተማሪ ወይም ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተውሶ መሻገሩ የተለመደ ነበር። ከግድግዳው ኋላ ያለ ሰው የሚዋስ እንጂ የሚያውስ አልሆነም። ያም ሆነ ይህ፣ ያለ ምንም ማስተካከያ ስለሠራ ሕዝብ ወደደው። ይህ ሥርዓት እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ቆየ፤ ያን ዓመት ስካይፕን የገዛው ማይክሮሶፍት ድልድይነቱን ከተጠቃሚዎች ወስዶ ወደ ራሱ ሰርቨሮች አዛወረው።

መስከረም 1998 ዓ.ም. የአገሩ የስልክ ቁጥር ተለወጠና የጅማ መለያ 047 ሆነ። በቀጣዩ ዓመት መግቢያ ኮርፖሬሽኑ ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ገባ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ከዚያ በኋላ የተበተነውን ሲዲኤምኤ ስልክ ነው፤ ለእኛ ታሪክ የሚበልጠው ግን የስልክ ማዕከሎቹ ራሳቸው ድምፅን በኢንተርኔት ደንብ ማጓጓዝ መጀመራቸው ነው። በሕግ ለሕዝብ የተከለከለው ዘዴ በኮርፖሬሽኑ ጓዳ የሁሉም ጥሪ መሠረት ሆነ።

ከሞላ ጎደል በዚሁ ጊዜ ቢሮዎች የአይፒ ስልክ ማስገባት ጀመሩ። ማርክ ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው አስተሪስክ የተባለ ነፃ ፕሮግራም አንድን አሮጌ ኮምፒውተር የስልክ ማዞሪያ ያደርገዋል። ዋናው ቢሮው አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፉ ጅማ ለሆነ ድርጅት የሁለቱን ቢሮ ጠረጴዛ በውስጥ ቁጥር ማገናኘት ትልቅ ቁጠባ ነበር። ሥራው የሚያበቃው ግን ስልኩ ሲጠራ ሳይሆን ድምፅ በሁለቱም በኩል ሲሰማ ነው።

የጊዜው ቴክኒሻን የሚያደርገው ይህን ነበር። ራውተሩ ላይ 5060ን እና አስተሪስክ ለድምፅ የሚጠቀምባቸውን ከ10000 እስከ 20000 ያሉትን ፖርቶች ወደ ማዞሪያው ኮምፒውተር ያዞራል። ማዞሪያው ላይ የውጭ አድራሻህ ይህ ነው፣ የውስጥ ሰፈርህ ያ ነው ብሎ ይጽፍለታል፤ ማዞሪያው ከውስጥ ለሚጠራው የውስጡን፣ ከውጭ ለሚጠራው የውጩን አድራሻ እንዲሰጥ። ከዚያ ጥሪው ይሠራል፤ ነገር ግን ቢሮው ጠዋት ይደውላል፣ ከሰዓት ጥሪ አይገባለትም። ይህ ደግሞ ሌላ ሕመም ነው። ራውተሩ መዝገቡን ለዘላለም አይዝም፤ ጸጥ ያለ ግንኙነት ካየ ይሰርዘዋል። በጥር 2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ደንብ ከሁለት ደቂቃ በፊት እንዳይሰረዝ ቢያዝም ርካሾቹ ራውተሮች በ30 ሰከንድ ያጠፉት ነበር። ስለዚህ ስልኩ በየ20 ሰከንዱ አንዲት ትንሽ ፓኬት እየላከ በሩን ክፍት እንዲያቆይ ይደረጋል።

ከሁሉ የከፋው ግን «ላግዝ» ብሎ የሚመጣው ራውተር ነበር። አንዳንድ ፋብሪካ የሲፕን መልእክት ከፍቶ ውስጡ ያለውን አድራሻ የሚያርም ነገር ራውተሩ ላይ ይጭናል፤ ኤኤልጂ ይሉታል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ግማሹን አርሞ ግማሹን ይተወዋል፤ ወይም ስልኩ በስተን ያስተካከለውን መልሶ ያበላሸዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ማንኛውም ጅማ የገባ ራውተር ሲከፈት መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ማጥፊያ ነው። የሬዲዮ ጣቢያዎችም ከዚህ አላመለጡም። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ ከመስክ ወደ ስቱዲዮ ድምፅ የሚያደርሱ መሣሪያዎች ሁሉ በሲፕ እንዲግባቡ ደንብ ሲያወጣ፣ ጋዜጠኛው ከሆቴል ዋይፋይ ሲደውል የሚገጥመው የመጀመሪያው እንቅፋት ይኸው አድራሻ ቅየራ ሆነ።

ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ። በዚያው የፈረንጅ ዓመት፣ በሚያዝያ 2010፣ የአድራሻ ቅየራን ችግር ሙሉ በሙሉ የሚያሻግሩት ሁለት ደንቦች ተጠናቀው ወጡ። ተርን የተባለው ስተን ሲከሽፍ የሚጠራ ነው፤ አደባባይ ላይ የቆመ ሰርቨር የሁለቱንም ድምፅ ተቀብሎ ያቀባብላል። ሁለቱም ወገን ወደ እርሱ ወጥቶ ነው የሚገናኘውና ግድግዳው ምንም ቢወፍር አያግደውም። አይስ የተባለው ደግሞ ምርጫውን ያስተዳድራል። እያንዳንዱ ስልክ ያሉትን አድራሻዎች ሁሉ፣ የውስጡን፣ በስተን ያገኘውን፣ የተርኑን፣ ዘርዝሮ ለሌላው ይልካል፤ ሁለቱ ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ይሞክራሉ፤ የሠራውን አጭሩን መንገድ ይይዛሉ። ዛሬ ሰው ስልኩን ሲያነሣ «በመገናኘት ላይ» የሚለው ጽሑፍ ለአንድ አፍታ የሚቆየው ይህ ሙከራ ስላለ ነው። ሮዘንበርግ እዚህም አለበት። የዚህን ሰው ስም የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ በእርሱና በባልደረቦቹ ሥራ የልጁን ድምፅ ያልሰማ ግን ዛሬ አይገኝም።

የካቲት 3 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. የዓለም የአድራሻ ማከማቻ የመጨረሻዎቹን ጥቅሎች አድሎ ባዶውን ቀረ። በዓመቱ ሚያዝያ አዲስ ደንብ ወጣ፤ ከ100.64 እስከ 100.127 ያሉት ቁጥሮች ኩባንያዎች ደንበኞቻቸውን ሁሉ ከአንድ ትልቅ በር ኋላ እንዲያስቀምጡባቸው ተለዩ። ቀድሞ ግድግዳው የኢንተርኔት ቤቱ ነበር፤ አሁን የአገሩ ሆነ። አወቱ መንደራ ያለ ሰው ከሲም ካርድ ኢንተርኔት ወስዶ በዋይፋይ ሲያካፍል ሁለት በር ይደራረባል፤ አንዱ በራውተሩ፣ አንዱ በኩባንያው። በ213.55 ወይም በ197.156 የሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮም የአደባባይ ቁጥር ከብዙ ደንበኛ ጋር የሚጋሩት ነው። እዚህ ላይ ቴክኒሻኑን ያ የቀድሞው ፖርት የማዞር ጥበብ አይረዳውም፤ ሁለተኛው በር በእጁ አይደለምና። ማወቂያው ቀላል ነው። ራውተሩ የውጭ አድራሻዬ ነው የሚለው ቁጥር በ10 ከጀመረ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ካሉት ከሆነ ፖርት በማዞር ቀኑን ማጥፋት የለበትም። ማዞሪያውን የአደባባይ አድራሻ ወዳለው ሰርቨር ማውጣት፣ ስልኮቹ ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲመዘገቡ ማድረግና ተርንን በ443 ፖርት ማስነሣት ነው የሚያዋጣው።

ሕጉ በዚህ መካከል ጠበቀ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጥን ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ አደረገው። የውጭ ዜና ማሰራጫዎች «ስካይፕ መጠቀም 15 ዓመት ያሳስራል» ብለው ዘገቡ፤ መንግሥትም አስተባበለ፤ ዒላማው በሲም ቦክስ የውጭ ጥሪን እየጠለፉ የሚሸጡት ናቸው አለ። ሲም ቦክስ በብዙ ሲም ካርድ የተሞላ፣ ከውጭ በኢንተርኔት የገባውን ድምፅ ወደ አገር ውስጥ ጥሪ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ከጅዳ የተደወለ ጥሪ የአገር ቤት ቁጥር ይዞ ሲመጣ ያየ ሁሉ ሥራውን አይቷል። የገቢው ጥያቄ እውነተኛ ነው። ቢሆንም ሕጉ አጭበርባሪውንና እናቱን የሚያነጋግረውን በአንድ አንቀጽ ጥላ ሥር ማስቀመጡ ጎጂ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሙያው በግልጽ እንዳይማሩት፣ የአገር ውስጥ ድርጅትም የራሱን የጥሪ ሰርቨር እንዳያቆም አስፈራ።

እንቅፋቱ በወዲያኛውም ዳርቻ ነበር። ሳዑዲ ዓረቢያ ሰኔ 2013 እ.ኤ.አ. ቫይበርን ዘጋች። ከወራት በኋላ፣ ኅዳር 2006 ዓ.ም. ላይ፣ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚያ አገር መመለስ ሲጀምሩ ዘመድ ዘመዱን የሚፈልገው ባገኘው መተግበሪያ ሁሉ ነበር። የሳዑዲ ክልከላ የተነሣው መስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የዋትስአፕን ጥሪ እንደዘጋች ቆየች፤ እዚያ ያለች ሠራተኛ ፈቃድ ያገኘውን ቦቲምን ትጠቀማለች። ኢሞ፣ ቫይበር፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዋትስአፕ ጥሪ፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቴሌግራም፤ ሁሉም በውስጣቸው ያንኑ መላ፣ የውጭ አድራሻን መጠየቅና ካልሆነ በድልድይ ማሻገርን፣ በየራሳቸው አሠራር ይዘዋል። ማስተካከል የሚባል ነገር ከተጠቃሚው እጅ ወጣ። ኢሞ ስልኳ ላይ የተጫነላት የአጋሮ እናት ስለ ስተንም ስለ ተርንም መስማት አላስፈለጋትም፤ እንዲህም መሆን ነበረበት።

በ2011 ዓ.ም. የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ወጥቶ ለዘርፉ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቋመ፤ ገበያውም ለተወዳዳሪ ተከፈተ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግሥት ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ሲቋረጥ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ለሆነ ጊዜ ባሕር ማዶ ያለው ሰው ወደ መደበኛው ስልክና ወደ ካርዱ ተመለሰ። በ2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የአራተኛውን ትውልድ ኔትወርክ ወደ ክልል ከተሞች ሲያወጣ ጅማም ደረሳት። መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ አስጀምሮ ሽፋኑን ቀስ በቀስ አሰፋ። ግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ስካይፕ ተዘጋ፤ ያን ጊዜ የቀረለት ሰው ጥቂት ነበር።

ዛሬ ጥሪው ይሠራል፤ ድምፁም በሁለቱም በኩል ይሰማል። የተረሳው መንገዱ ነው። አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም፣ ሌላው የሳፋሪኮም ደንበኛ ሆነው፣ ከአወቱ መንደራ አጋሮ፣ 45 ኪሎ ሜትር ግድም፣ በመተግበሪያ ሲነጋገሩ እያንዳንዳቸው ከኩባንያቸው ትልቅ በር ኋላ ናቸው። ቀጥታው ካልተሳካ ድምፁ የሚያልፈው በድልድይ ሰርቨር ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባሕር ማዶ ነው። ድምፁ በጅቡቲ ወይም በኬንያ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ አውሮፓ ደርሶ አጋሮ ይመለሳል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ለጥሩ ንግግር ከአፍ እስከ ጆሮ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይሻላል ይላል፤ አውሮፓ ደርሶ መመለስ ብቻውን ከመቶ በላይ ይበላል። ሁለት ሰው እኩል የሚጀምርበት፣ «አይ አንቺ ቀጥይ» እየተባባሉ የሚያርፉበት ጥሪ ምንጩ እዚህ ነው። ለዚያ ጉዞ የሚከፈለው የዓለም አቀፍ መስመር ኪራይም አለ፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ፤ በ1994 ዓ.ም. ክልከላው የወጣበት ያው ምንዛሪ።

ለአፍሪካ አድራሻ የሚያድለው ተቋም ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቀረችውን በጭልፋ ነው የሚሰጠው። አዲሱ የአድራሻ ሥርዓት፣ አይፒቪ6፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ተጽፎ አልቋል፤ ለእያንዳንዱ ስልክ የራሱን አድራሻ ለመስጠት የሚያንስ ቁጥር የለውም። ሕንድ ውስጥ ጂዮ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ሲጀምር ኔትወርኩን ከመሠረቱ በዚህ ስላቆመው፣ ያች አገር ዛሬ ከግማሽ በላይ ተጠቃሚዋን ወደዚያ አሻግራለች። ኢትዮ ቴሌኮም ሰኔ 2016 ዓ.ም. ላይ ደንበኞቼ ከ78 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል ብሏል። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የዳታ ማዕከላት ተከፍተዋል፤ የተርን ሰርቨር ለማቆም ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ጥቂት ማሽኖች ይበቃሉ። ለሁለቱ ኩባንያዎችና ለባለሥልጣኑ የሚቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ሁለት ነው። የሞባይል ደንበኛ የራሱን አይፒቪ6 አድራሻ የሚያገኘው መቼ ነው? እስከዚያው ድረስስ የአጋሮና የጅማ ጥሪ ድልድዩ አዲስ አበባ እንዲሆን ከመተግበሪያዎቹ ባለቤቶች ጋር ተቀምጦ የሚነጋገረው ማን ነው?